ደላላው የማንን እንጀራ ይበላል?

(ከዚህ በታች የሚነበበው አብደራፊ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ዕድር ስብሰባ ላይ፣ ቤት ለመግዛት ላሰቡ አባላት ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተነገረ በመሆኑ ድግግሞሹን ብቻ ቀንሼ ለአንባቢያን አቅርቤዋለሁ።)



በዚህ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ በሚግልበት ሰዓት ሥራችሁን ጥላችሁ እኔን ልትሰሙ በመምጣታችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። የዕድሩ ዳኛ እኔ ዘንድ መጥተው «ልጄ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ፤ ሰዉ ቤት ልግዛ እያለ ደላላ ይያዝ አይያዝ ጨንቆታልና የምታውቀውን ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ለምን ሳቅህ ብትሉኝ፣ እኔ ራሴ ቤት ገዛሁ ብዬ ገንዘቤን የተበላሁ ሰው ነኛ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ! እባቡ የወጣበትን ጉድጓድ ማሳየት ግን ግዴታዬ ነው ብዬ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ከተማ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ የሱን የሰሊጥ ገንዘብና የኔን ጥሪት አዋጥተን ሁለት ክፍል ቤት ልንገዛ ተነሣን። አንድ ደላላ ተገኘ። አፉ ማር ነው! ቡናችንን ጠጣ፤ ልጆቻችንን በስማቸው ጠራ፤ «እኔ ለናንተ ወንድም ነኝ» አለን። ቤቱን አሳየን፤ ወደድነው። ባለቤቱ ሩቅ አገር ነው ተባለ፤ የሚሸጥልን ወኪሉ ነበር። የውክልናው ወረቀት ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ ታዲያ ምን ቀረ? ቀብዱን ቆጥረን በደላላው እጅ ሰጠን። ከወር በኋላ ቀሪውን ከፈልን። በሦስተኛው ወር የሟች ልጆች ነን የሚሉ መጡ። አዎ፣ የሟች! ለካ ባለቤቱ እኛ ከመዋዋላችን በፊት ሞቷል! ውክልና ደግሞ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ወኪሉ የገባበት ጠፋ። ወደ ደላላው ሮጥን። ምን ቢለን ጥሩ ነው? «እኔ አገናኘሁ እንጂ ሸጥኩ እንዴ?»

ወገኖቼ፤ ያን ቀን ልመታው ነበር፤ ወንድሜ ያዘኝ። ዛሬ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ሰውዬው ያን ቃል ሲናገር አልዋሸም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 56 ደላላ ማለት ሰዎች ውል እንዲዋዋሉ የሚያገናኝ ሰው ነው ብሎ ነበር የተረጎመው። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተለወጠ፤ የደላላው ሥራ ግን ያው ማገናኘት ነው። ቤቱ የሻጩ ስለመሆኑ ዋስ ነኝ አላለንም። እኛ ነን የእሱ ያልሆነውን ሥራ የጫንንበት። ዳኛ አደረግነው፤ መዝጋቢ አደረግነው፤ ገንዘብ ያዥ አደረግነው! የማታለል ወንጀል የፈጸመ ደላላ እንደ ማንም ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ይጠየቃል። ነገር ግን አውቆ ማታለሉ መረጋገጥ አለበት። እሱ እስኪረጋገጥ ስንት የሰሊጥ ዓመት ያልፋል?

ሒሳቡን እናስላ

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ይህ ደላላ ሌባ ነው ወይስ ደግ?» ብሎ ነው። እኔ የምለው ይህ ጥያቄ አይጠቅምም። የሰው ልብ አይታይም። የሚታየው ኪሱ ነው። ስለዚህ «ይህ ሰው የማንን እንጀራ ይበላል? መቼስ ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በብዙ ቦታ ልማዱ ደላላ ከገዢም ከሻጭም ሁለት ሁለት በመቶ መውሰድ ነው። ለምሳሌ 600 ሺሕ ብር የተባለ ቤት አለ እንበል። ደላላው ከናንተ 12 ሺሕ፣ ከሻጩ 12 ሺሕ፣ በድምሩ 24 ሺሕ ብር ያገኛል። እናንተ ጠንክራችሁ ተከራክራችሁ ዋጋውን ወደ 550 ሺሕ ብታወርዱት 50 ሺሕ ብር ተረፋችሁ። ደላላው ግን ከሁለታችሁ 2 ሺሕ ብር አጣ። ታዲያ ዋጋ ሲወርድ ደስ ይለዋል? ይህ እንኳ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁን ተመልከቱት። የቤቱ ወረቀት ጎደሎ ሆኖ ሽያጩ ቢፈርስ 24 ሺሑ ብር ሙሉ በሙሉ ይቀርበታል። ስለዚህ «ካርታው ላይ ችግር አለ፤ አትግዙ» ብሎ የሚነግራችሁ ደላላ ከገዛ ጉሮሮው ነጥቆ ነው የሚነግራችሁ። እንዲህ ያለ ሰው የለም አልልም፤ አለ። ግን የልጆቻችሁን መጠለያ በሰው ደግነት ላይ ታቆሙታላችሁ ወይ?

ደላላ የሚጠቅምበት

አሁን ደግሞ ሚዛኑን ላስተካክል። ደላላ ሁሉ ይጥፋ ባይ አይደለሁም። እዚህ አገር ቤት የሚሸጠው በማስታወቂያ አይደለም። ማን ሊሄድ እንደሆነ፣ ማን እንደተቸገረ፣ የየትኛው ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ድንበር ደግሞ ሰው የሚረጋበት ድንበር አልሆነም። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እንደፈነዳ የሱዳን ጦር አልፋሽጋ ገብቶ ስንቱን አራሽ ከእርሻው አፈናቀለ! በሚያዝያ 2015 ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትታመስ በመተማ በኩል የገባውን ሕዝብ አይታችኋል። ከዚያም በሐምሌ 2015 ማብቂያ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንዱ ቤቱን ትቶ ሲሄድ ሌላው መጠለያ ፍለጋ ይመጣል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው፣ ሳሉግ ሆኖ ለአጨዳ መጥቶ እዚሁ ጎጆ ልቀልስ ያለ ልጅ፣ ያለ ደላላ የሚሸጥ ቤት የት እንዳለ በምን ያውቃል? ለዚህ ለዚህ ደላላ እግርና ዓይን ነው። የእግርና የዓይን ዋጋ ይከፈለው። እምነታችሁን ግን አትስጡት!

ይኸው ግርግር ነው ሌላውንም አደጋ ያመጣው። ባለቤቱ የሌለበት ቤት በበዛ ቁጥር በውክልና የሚሸጠው ይበዛል። ወካዩ በሕይወት መኖሩን ማን ያረጋግጣል? እኔን የበላኝ ይኸው አይደል?

የምትገዙት ምንድን ነው?

ለመሆኑ ቤት ስትገዙ የምትገዙት ምንድን ነው? መሬቱን እንዳትሉኝ! ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ኢሕአዴግም ደርግን ጥሎ ሲገባ መሬቱን ለባለቤቱ አልመለሰም፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። የምትገዙት ግድግዳና ጣሪያውን፣ በቦታውም የመጠቀም መብቱን ነው። ይህን መብት የሚመሰክርላችሁ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውና በማዘጋጃ ቤት ያለው መዝገብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ሲተላለፍ በመዝገብ መጻፍ አለበት ይላል። ቁልፍ መረከብ ብቻውን ባለቤት አያደርግም።

ከዚህ ሌላ ደላላ ብዙ ጊዜ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሲወጣ፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ሰው ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንዲይዝ ደነገገ። ይህ ማለት ለሻጩ ከምትከፍሉት ሌላ ለመንግሥት የምትከፍሉት ዕዳ ሊመጣባችሁ ይችላል ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ደግሞ ለማይንቀሳቀስ ንብረት ዝውውር ሁለት በመቶ አስቀምጧል። ከመዋዋላችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ዛሬ ምን ምን እንደሚያስከፍል በራሳችሁ አንደበት ጠይቁ። «እሱ ቀላል ነው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ያን ጊዜ ጆሮአችሁ ይቁም!

አራቱ ጉድጓዶች

ሰው የሚወድቅባቸውን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

አንደኛው ውል ነው። በደላላው ደብተር ላይ ተጽፎ፣ ሁለት ሰው ምስክር ሆኖ፣ ቢራ ተጠጥቶ የተፈረመ ወረቀት አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይደረግ ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሎ ወስኗል። ያ ውሳኔ ሲወጣ ስንቱ ቤት ገዝቻለሁ ብሎ የተኛ ሰው ደንግጦ ተነሣ! ሻጩ ዋጋው ሲወደድለት «ውሉ ሕጋዊ አይደለም» ብሎ መከራከር ጀመረ።

ሁለተኛው ውክልና ነው። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ ልዩ የውክልና ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል። ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አለመሻሩን ጠይቁ። ባለቤቱንም በስልክም ቢሆን፣ በዘመዶቹም በኩል ቢሆን፣ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። እኔ ይህችን አንዲት ስልክ ባለመደወሌ ነው ዛሬ ተከራይ የሆንኩት።

ሦስተኛው የትዳር ጓደኛ ነው። ባልና ሚስት ያፈሩት ቤት የሁለቱ ነው። ባል ብቻውን ፈርሞ፣ ሚስት «እኔ ሳላውቅ ጎጆዬ ተሸጠ» ብላ ፍርድ ቤት ከቆመች እናንተ ከሚስትዮዋ ጋር ነው የምትከራከሩት። እሷም እውነቷን ነው።

አራተኛው ዕዳና እገዳ ነው። ቤቱ በባንክ መያዣ ሊሆን ይችላል፤ በፍርድ ቤት የታገደ ሊሆን ይችላል። ይህ በካርታው ቅጂ ላይ ላይታይ ይችላል፤ በመዝገቡ ላይ ግን አለ። ሻጩን ይዛችሁ ሄዳችሁ «ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው» የሚል ማረጋገጫ አስጽፉ። እምቢ ያለ ሻጭ ካለ እግዜር ይስጥልኝ ብላችሁ ተመለሱ።

«ብድር አስፈቅድልሃለሁ» የሚለው ሰውዬ

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ቤት ደላላ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት መጥቷል። «ባንክ ውስጥ ሰው አለኝ፤ የቤት መግዣ ብድር አስፈቅድልሃለሁ፤ አምስት በመቶ ስጠኝ» የሚል ጉዳይ ገዳይ። 300 ሺሕ ብር ብትበደሩ አምስት በመቶው 15 ሺሕ ብር ነው። እሱም ቅድሚያ!

ይህ ሰው እንዴት ተፈጠረ? በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመ ቤቶችና ቁጠባ ባንክ የሚባል ነበረን። ስሙ እንደሚለው ለቤት ሠሪ የሚያበድር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ «ቤቶች» የሚለው ቃል ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከነስሙ ንግድ ባንክ ውስጥ ገብቶ ሰመጠ። ጎህ ቤቶች ባንክ የሚባል የግል የቤት ብድር ባንክ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ ኋላም ወደ 18 በመቶ አነሣው። ገንዘብ ሲጠብ በሩ ላይ ወረፋ ይረዝማል፤ ወረፋ ሲረዝም ወረፋ የሚሸጥ ሰው ይበቅላል።

ለዚህኛው የምሰጠው መልስ አንድና አጭር ነው፤ አትያዙት! ምክንያቱም ባንክ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ ገቢያችሁን፣ የራሳችሁን መዋጮ፣ የምታስይዙትን ቤት። ቤቱን የባንኩ መሐንዲስ ይገምተዋል፤ መያዣው በመዝገብ ይጻፋል። እነዚህ ከተሟሉ ጉዳይ ገዳዩ የሚጨምረው የለም። ካልተሟሉ ደግሞ ሊጨምር የሚችለው ሐሰተኛ ወረቀት ወይም ጉቦ ነው። ሐሰተኛው ወረቀት ሲገኝ የሚታሰረው ፈራሚው ነው። ፈራሚው እናንተ!

በተለይ ገቢያችሁ ከሰሊጥ ለሆነ ሰዎች ይህን ስሙኝ። የሰሊጥ ገንዘብ የሚገባው በዓመት አንዴ ነው፤ የባንክ ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ በየወሩ ነው። ጉዳይ ገዳዩ ገቢያችሁን አጋንኖ ካስጻፈላችሁ፣ ዝናብ የቀረበት ወይም ዋጋ የወደቀበት ዓመት ሲመጣ ምን ትሆናላችሁ? አዋጅ ቁጥር 97/1990 ለባንኮች ምን ሥልጣን እንደሰጣቸው ታውቃላችሁ? ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ! ስለዚህ ባንኩን ፊት ለፊት «ክፍያዬን ከአዝመራ ጋር ታስማሙልኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ጉዳይ ገዳዩ አይጠይቅላችሁም፤ እሱ አምስት በመቶውን ይዞ ሄዷል።

ወለዱንም ቢሆን በራሳችሁ አስሉ። 300 ሺሕ ብር በ15 ዓመት የሚከፈል ብድር፣ ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን በወር ወደ 4 ሺሕ 200 ብር ነው። ወለዱ 17 በመቶ ቢሆን በወር ከ4 ሺሕ 600 ብር ያልፋል። «ሁለት በመቶ ምን አላት?» የሚል ይኖራል። በ15 ዓመት ውስጥ ልዩነቷ ከ75 ሺሕ ብር በላይ ነው! ሁለትና ሦስት ባንክ ዞሮ መጠየቅ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

አሜሪካ ያሉት ልጆቻችን

መቼም ከናንተ መካከል ልጁ ወይም ወንድሙ አሜሪካ ያለ አይጠፋም። እነሱ ዘንድ የብድር ደላላ ፈቃድ ያለው፣ ቢሮ ያለው፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ነው። ለተበዳሪው ከብዙ ባንኮች አማርጦ ያቀርባል። ጥሩ ይመስላል፤ ጠቃሚ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ በ2000 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 2008 መሆኑ ነው፣ የዚያች አገር የቤት ብድር ሲናድ ምን ተገኘ መሰላችሁ? ተበዳሪውን በዝቅተኛ ወለድ መበደር እየቻለ ከፍ ባለ ወለድ እንዲበደር ላደረገ ደላላ አበዳሪው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍለው ነበር። ተበዳሪው «የኔ ሰው» እያለ የሚያምነው ደላላ የሌላውን እንጀራ ይበላ ነበር ማለት ነው! በፈረንጅ 2010 የወጣው ዶድ-ፍራንክ የሚባለው ሕግ የደላላ ክፍያ ከወለዱ ከፍታ ጋር እንዳይያያዝ ከለከለ። ልብ በሉ፤ ሕጉ «ደላሎች ሆይ፣ ደግ ሁኑ» አላለም። የሚከፈሉበትን መንገድ ነው የለወጠው። እኛም ማድረግ ያለብን ይህንኑ ነው።

ደላላን ማን ወለደው?

እዚህ ላይ የመንግሥትን ድርሻ ሳልናገር ብቀር ብዕሬ ይታዘበኛል። ደላላን የወለደው የተዘጋ መስኮት ነው። ገዢ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «ይህ ቤት የማን ነው? ዕዳ አለበት?» ብሎ በአንድ ቀን መልስ ቢያገኝ፣ ክፍያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢያነበው፣ ለምን ሰው ይይዝ ነበር? በየከተማው ግን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ሦስት ነገ ካለፈ በኋላ ደላላው በአንድ ሰዓት ጨርሶት ይመጣል። እንዴት ጨረሰው? እሱን እናንተም እኔም እናውቃለን!

ደግሞም መንግሥት ራሱ አገናኝ ሲሆን ያየነውን አይተናል። በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ ከ25 ሺሕ የሚበልጡ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በይፋ ወጣ። ሰው እልል አለ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ለዓመታት የቆጠበ ሰው ያለቀሰው በሠፈር ደላላ አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ገዢ በሚጠብቀው ሰውዬ ላይ ብቻ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው። ማዘጋጃ ቤቶች የክፍያ ዝርዝራቸውን በግልጽ ይለጥፉ፤ ሻጭና ገዢ አብረው ሲቀርቡ መዝገቡ በዕለቱ ይታይላቸው። ይህን መጠየቅ ፖለቲካ ነው ካሉንም ይበሉን!

ታዲያ ምን እናድርግ?

ፍርዴን ልስጥ። ቤት ለማግኘት ደላላ ይዛችሁ ብትሄዱ አልቃወምም። የሚሸጠውን ጎረቤት የምታውቁት ከሆነ ግን ለምን ትከፍላላችሁ? ሽማግሌ ይበቃል። ደላላ ከያዛችሁ ውላችሁ እንዲህ ይሁን።

ዋጋው አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ የሚከፈለውም ስም በዞረ ዕለት እንጂ ቀብድ በተቆጠረ ዕለት አይሁን። ይህችን አንዲት ነገር ካደረጋችሁ የደላላው ኪስ ከናንተ ጋር ይሆናል። ወረቀቱ ካልተስተካከለ እሱም አይበላምና ወረቀቱ እንዲስተካከል ይሮጣል። «አይሆንም፣ አሁን ነው የምፈልገው» ካለ መልሱን ነገራችሁ ማለት ነው።

ገንዘብ በደላላ እጅ አይለፍ። ከናንተ ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ በባንክ ይግባ፤ ደረሰኙን ያዙ። ቀብድም ቢሆን በውል ይጻፍ። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። በደላላ ኪስ የገባ ቀብድ ግን ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ?

ማዘጋጃ ቤቱ፣ ውል የሚያዋውለው መሥሪያ ቤትና ባንኩ ዘንድ በእግራችሁ ሂዱ። ደላላው ከፈለገ ይከተላችሁ እንጂ እናንተን ወክሎ አይግባ።

ወረቀቱ ከከበዳችሁ ለደላላ ከምትከፍሉት ጥቂቱን ለሕግ አዋቂ ክፈሉ። ለምን መሰላችሁ? ጠበቃው ክፍያው አስቀድሞ ከተቆረጠ ቤቱን ብትገዙም ባትገዙም ያው ነው የሚከፈለው። ስለዚህ «አትግዙ» ለማለት አይፈራም። የምትገዙት ምክር ሳይሆን ይህንን አለመፍራቱን ነው።

ንግግሬን በዚህ ልጨርስ ስል ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ባሌ ነው የሚዋዋለው። እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እንዲህ አልኳቸው። «እናቴ፣ ውሉ የሚፈረም ዕለት አብረው ይሂዱ። ስምዎ በውሉና በካርታው ላይ ከባለቤትዎ ስም ጎን መጻፉን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅዎ ያንብብልዎት። ነገ ባለቤትዎ ቢያልፉ ወይም ቢጣሉ ደላላው ሊመሰክርልዎ አይመጣም።» ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ወንዶቹም ዘግይተው አጨበጨቡ።

ቀጥሎ አንድ ወጣት ተነሣ። «ጋሼ፣ እኔ ገንዘቤ ትንሽ ነው። ካርታ የሌለው በከተማው ዳር በርካሽ አለ እያለኝ ነው ደላላው። የእርሻ መሬት ነበር አሉ፤ ግን ወደፊት ወደ ከተማ ይገባል ይላል» አለኝ። ይህ ልጅ በዚህ በረሃ ፀሐይ ሰሊጥ አጭዶ፣ ካላዛርና ወባ ተቋቁሞ፣ በላቡ ያጠራቀማት ገንዘብ ናት። ምን ልበለው? እውነቱን ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ካርታ የሌለውን ባንክ በመያዣ አይቀበልህም። የእርሻ መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ስለሆነ ሻጩ ነገ ቢክድህ የምትከስበት ውል የለህም። መንግሥት የጨረቃ ቤት ነው ብሎ ያፈረሰው ዕለት ካሣ የሚሰጥህ የለም። ለዛሬ ተከራይ፤ ገንዘብህን ባንክ አስቀምጥ፤ ከጓደኞችህ ጋር ሆናችሁ ካርታ ያለው ፈልጉ» አልኩት።

ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ «ታዲያ የሰጠሁትን ቀብድ ማን ይመልስልኛል?» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ቀብዱን የተቀበለው ደላላ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ለካ! የዕድሩ ዳኛ አይተውት ኖሯል፤ ስሙን ሳይጠሩ «ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ቤቴ ትመጣላችሁ» አሉ። እኔ በማግሥቱ መንገድ ስለነበረብኝ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ገንዘቡን መልሶለት ከሆነ ለዚያ ደላላ ምስጋናዬ ይድረሰው። ካልመለሰም ይህን ጋዜጣ ማንበቡ አይቀርምና ሽማግሌዎቹ ዛሬም እዚያው እንዳሉ አይርሳ።

ቸር ይግጠመን!